ሾኩ «ጭቅ ጭቅ» ሲል

አንድ አንባቢ የጻፈልኝ ነገር ይህ ነው። አጎቱ ከአሜሪካ ያመጣለት በሪሞት የምትነዳ የ1/10 ባጊ (የትልቋ መኪና አንድ አሥረኛ የምታህል መጫወቻ) አለችው። የፊት ሾኮቿን ፈትቶ አዲስ ዘይት ሞላ። ከዚያ ወዲህ ኮረኮንች ላይ እንደ ፌንጣ ትዘላለች። ሾኮቹ «ጭቅ ጭቅ» ይላሉ። የግራው ተጭኖ ሲለቀቅ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ የቀኙ እዚያው ይቀራል። ጓደኛው «ዘይቱ ቀጥኗል፣ የሞተር ዘይት ጨምርበት» ብሎታል።

እንዳትጨምር ወንድሜ! የሞተር ዘይት የሾኩን ኦሪንጎች (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዙትን የጎማ ቀለበቶች) ሊያሳብጣቸው ይችላል። የስፌት መኪና ዘይትም ያው ነው። ለዚህ የተሠራው የሲሊኮን ዘይት ነው፣ ሌላ አትሞክር።

የቀኙ ሾክህ ውስጥ አየር አለ። የግራው ደግሞ ከልክ በላይ ሞልቷል። ሾኩ ውስጥ፣ በዘንጉ ጫፍ ያለው ፒስተን ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ዘይቱ በእነሱ ተጨናንቆ ሲያልፍ ነው መኪናዋ የምትረጋጋው። አየር ግን ሽው ብሎ ያልፋል፣ «ጭቅ» የሚለው እሱ ነው።

የግራውን ለመረዳት ዘንጉን አስበው። ወደ ውስጥ ሲገባ እሱም ቦታ ይይዛል። ዘይት ደግሞ አይታመቅም። ስለዚህ ክዳኑ ሥር ያለችው ስስ ጎማ ሸሸት ብላ ቦታ ትለቅለታለች። ዘንጉ ወጥቶ ሳለ እስከ አፉ ሞልተህ ጥርቅም አድርገህ ከዘጋኸው ግን ጎማዋ ትወጠርና ዘንጉን መልሳ ታባርረዋለች።

እንግዲህ እንደገና እንሥራው። ሞላውን አውጣና ሾኩን አፉን ወደ ላይ አድርገህ አቁመው። ካርቶን በስተህ ብትሰካው እጅህ ነጻ ይሆናል። ዘንጉን ወደ ታች ሳበው፣ ዘይቱን በጎን በኩል ቀስ ብለህ አፍስስ። ከዚያ ፒስተኑን ዝግ ብለህ ከፍ ዝቅ አድርገው። ከዘይቱ በላይ ብቅ እንዳይል፣ ካለ አዲስ አየር ይዞ ይወርዳል። አረፋው መውጣት ሲጀምር ተወውና ቡናህን ጠጣ። 10 ደቂቃ በቂ ነው። የጠዋት ብርድ ላይ ከሆንክ ጨምርለት፣ ዘይቱ ሲወፍር አረፋው ለመውጣት ይለግማል። እኔ በሞተር ሳይክል ሾክ ያደግሁ ሰው እንኳ መጀመሪያ ሰሞን የተበላሸብኝ እዚህ ላይ ነው፤ መጠበቅ አልወድም ነበር።

አረፋው ሲያልቅ እስከ አፉ ሙላው። ጎማዋን ከአንድ ጎን አጋድመህ አስቀምጣት፣ ትርፍ ዘይት ይፍሰስ። ክዳኑን ሁለት ሦስት ዙር ብቻ አስገባው። አሁን ዘንጉን ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ግፋ። በክዳኑ ጥርስ በኩል ዘይት ይወጣል። ዘንጉ እንደገባ ክዳኑን አጥብቀው።

ጎማ የሌለው፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው ዓይነት ከሆነ ይቀላል። ብሎኗን አውጥተህ ክዳኑን ዝጋ፣ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ግፋ፣ ዘይቱ በቀዳዳው ሲወጣ ብሎኗን መልስ። ይህኛው ቆሞ ከቆየ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያንጎራጉራል። ጥቂት ጊዜ ስትጫነው ይስተካከላል፣ አትደንግጥ።

ዘንጉን በፒንሳ ጨምድደህ አትያዝ። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠቅልልበት። የተጫረ ዘንግ ኦሪንጉን ይበላል፣ ከዚያ ዘይት ማንጠብጠብ ነው። ሁለቱንም ሾኮች ከአንድ ጠርሙስ ሙላ። ጠርሙሱ ላይ «30» ተብሎ የሚጻፈው የውፍረት ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) የተጻፈበት ካገኘህ እሱን እመን።

ሞላውን ሳትመልስ ሁለቱን ሾኮች በዘንጋቸው ጫፍ አገናኝተህ ተጫናቸው። እኩል መግባት አለባቸው። ስትለቃቸውም እኩል ይመለሱ። አንዱ ከቀደመ ፈትተህ ድገመው። እኔ እስካሁን ከሁለቱ አንዱን መድገሜ አይቀርም።