ደም ማነስ አለብኝ፤ ማሳላ ሻይ ልተው እንዴ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው፤ ዱባይ ሕንዶች ቤት እሠራለሁ። ቤቱ ውስጥ ማሳላ ሻይ (የወተትና የቅመም ሻይ) ከቁርስም ከምሳም ጋር ይፈላል፣ በቀን 4 ኩባያ አላጣም። በቅርቡ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ የአይረን (የብረት) ክኒን ታዘዘልኝ። ክኒኑንም በሻይ ነው የምውጠው። ሻዩን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻዩን አትተዪው። ሰዓቱን ግን ቀይሪው። ክኒኑን በሻይ መዋጥ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

ነገሩ ያለው አፈላሉ ላይ ነው። እኛ ቤት ሻይ ቅጠሉ ጣል ተደርጎ ቶሎ ይወርዳል። እነሱ መጀመሪያ የተወቀጠ ዝንጅብልና ሄል በውሃ ያፈላሉ፣ እንደየቤቱ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬም ይገባል፤ ከዚያ ድቡልቡል ያለውን ደቃቅ የአሳም (የሕንድ ግዛት) ሻይ ቅጠል ዘገን አድርገው ይጨምሩና ወተትና ስኳር አስከትለው፣ ሊገነፍል ሲል እሳቱን እየቀነሱ እንደገና እየለቀቁ፣ ቀለሙ ጠቆር እስኪል ያንተከትኩታል። በዚህ መሃል ቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን በደንብ ይወጣል። ጠንካራ ሻይ ስትጠጪ አፍሽን ድርቅ የሚያደርገው እሱ ነው።

ታኒን ሆድ ውስጥ ብረትን ይይዘዋል፤ የተያዘውን ብረት አንጀት መምጠጥ ያቅተዋል። ቤቱ ሥጋ የማይበላበት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የምታገኚው ብረት ከምስር፣ ከክክና ከቅጠላ ቅጠል ነው፤ ሻይ በቀላሉ የሚይዘውም ይሄንኑ ነው። የሥጋው ብረት ያን ያህል አይነካም። ወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየምም የራሱን ያህል ይቀንሳል። ቅመሞቹን ግን አትፍሪ፣ በዚህ መጠን ደምሽን አያሳንሱም። ዝንጅብሉ ቃር ካስነሳብሽ ብቻ ቀነስ አድርጊው።

ስለዚህ ሻዩ ከምግብ ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ከክኒኑ ደግሞ 2 ሰዓት ይራቅ። ክኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ዋጪው። ሆድሽን ካመመሽ ትንሽ ምግብ ቅመሺበት። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከክኒኑ ነው።

ስኳሩንም ቁጠሪው። በኩባያ 2 የሻይ ማንኪያ ከሆነ በ4 ኩባያ ወደ 32 ግራም ይደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሻይ ብቻውን ደም ያሳንሳል ብዬ አላምንም። የወር አበባሽ ይበዛል? ጨጓራሽን ያምሻል? ሰገራሽስ ተመርምሯል? እነዚህን ላዘዘልሽ ሐኪም ንገሪው። እርግዝና ካለ ወይም ከጠረጠርሽም ተናገሪ፣ ያኔ የሻይና የቡና ካፌይን ተደምሮ በቀን ከ200 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ክኒኑን ከጀመርሽ ከ4 ሳምንት በኋላ ደምሽን በድጋሚ አስለኪ። ቁጥሩ ቢስተካከልም ክኒኑን ወዲያው እንዳታቆሚ፤ የሰውነትሽ ክምችት እስኪሞላ 3 ወር ገደማ ይቀጥላል። ልብሽ በኃይል የሚመታ፣ ትንፋሽ የሚያጥርሽ ወይም የሚያዞርሽ ከሆነ ግን 4 ሳምንቱን አትጠብቂ፣ አሠሪዎችሽን ነግረሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ።