ሮድማን ረጃጅሞቹን በሪባውንድ እንዴት በለጣቸው?

ጥያቄ፦ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ዴኒስ ሮድማን 2 ሜትር ገደማ ቁመት ይዞ ከእሱ የሚረዝሙትን ሁሉ በሪባውንድ (ስቶ የተመለሰውን ኳስ በመያዝ) የበለጠው እንዴት ነው? እኔም ከቀለበቱ ሥር ነው የምጫወተው። አጭር በመሆኔ ግን ኳሱን ከአናቴ ላይ ይወስዱብኛል። ምን ልለማመድ?

መልስ፦ ሮድማን የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1986 ዲትሮይት ፒስተንስ በሁለተኛው ዙር ሲመርጠው ነው። ከ1992 እስከ 1998 በተከታታይ ሰባት የውድድር ዘመናት የሊጉ የሪባውንድ መሪ ነበር፤ በመጀመሪያው ዘመን በጨዋታ በአማካይ 18.7 ሰብስቧል። ይህን ያደረገው በዲትሮይት፣ በሳን አንቶኒዮ እና በቺካጎ፣ በአምስት የተለያዩ አሰልጣኞች ሥር መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። ችሎታው የራሱ እንጂ የአንድ ቡድን አጨዋወት ውጤት አልነበረም።

ዋናው መሣሪያው ኳሱ የት እንደሚወርድ ቀድሞ ማወቁ ነው። የቡድን ጓደኞቹ ሲያሟሙቁ ውርወራቸው በአየር ላይ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር ይቆጥር እንደነበር የዲትሮይት የቡድን ጓደኛው አይዛያ ቶማስ ተናግሯል። ሁለተኛው፣ ኳሱን መያዝ ሲያቅተው በጣቱ ጫፍ ነክቶ ወደ ባዶ ቦታ ያወጣውና ወዲያው ደግሞ ይዘላል። በ1996ቱ የፍጻሜ ውድድር በሁለት ጨዋታዎች 11፣ 11 የማጥቃት ሪባውንድ (የራሱ ቡድን ወርውሮ የሳተውን ኳስ) ያገኘው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ትግል ነው።

ወደ እርስዎ ስንመጣ፣ ከቀለበቱ ሥር መቆም ራሱ ሊጎዳዎት ይችላል፤ እዚያ የሚወርደው መረቡን አልፎ የገባው ኳስ ነው። አንድ ሁለት እርምጃ ወጣ ይበሉ። ከማዕዘን የተወረወረ ኳስ ሲስት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሄዳል፤ ከሦስት ነጥብ መስመር የተወረወረው ደግሞ ርቆ ይነጥራል።

ኳሱ ከእጅ እንደወጣ ዓይንዎን ወደሚጠብቁት ተጋጣሚ ይመልሱ። ክንድዎን ደረቱ ላይ አሳርፈው ይዙሩና በመቀመጫዎ ጭኑን ይዝጉበት። ጉልበት ይታጠፍ፣ እግር ከትከሻ ሰፋ ይበል፣ እጅ ከፍ ይበል። ቀጥ ብለው ከቆሙ በቀላሉ ይገፉዎታል፤ በእጅ ከገፉ ደግሞ ፋውል ነው። ኳሱ ቀለበቱን ሳይነካ አይዝለሉ፤ ቀድሞ የዘለለ ኳሱ ሲደርስ እሱ እየወረደ ነው። ከያዙ በኋላ ከአገጭዎ በታች አያውርዱት፤ ወገብ ላይ ሲደርስ አጫጭሮቹ ተጫዋቾች ይነጥቁዎታል።

ለልምምድ ኳሱን ሰሌዳው ላይ ወርውረው ሳይወድቅ በአንድ እጅ 10 ጊዜ መልሰው ይምቱት፤ ከዚያ በሌላው እጅ። ይህን ሦስት ዙር ይሥሩ። ቀጥሎ ጓደኛዎ ከማዕዘን 20 ጊዜ ይወርውር፤ እርስዎ ኳሱ ቀለበቱን ሳይነካ «ግራ»፣ «ቀኝ» ወይም «ሩቅ» ብለው ጮክ ብለው ይገምቱ። ግምትዎ ሲስተካከል የሚወረወርበትን ቦታ ይቀይሩ።