ሱባዔ ይዤ ኪኒን ብውጥ እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ከወለድሁ ስምንት ወሬ ነው። ድካሙ፣ ብርዱና የፀጉሬ መነቃቀል አልለቅ ቢለኝ ተመርምሬ ሐሺሞቶ የሚባል የታይሮይድ ሕመም ነው ተባልሁ፤ ሌቮታይሮክሲን ታዘዘልኝ። እናቴ ግን ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጠበል ወሰደችኝ። እዚያም «ጠበልና መድኃኒት አብሮ አይሄድም» ስላሉኝ ሱባዔ ስገባ ኪኒኑን ተውሁት። ሰባቱንም ቀን ደኅና ነበርሁ። ተፈውሻለሁ ማለት ነው? መልሼ ብጀምረውስ እግዚአብሔርን መጠራጠር አይሆንብኝም? ወለተ ማርያም ነኝ።

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ቢዘገይም እንኳን ማርያም ማረችሽ። ስለ ጠበል በረከት ለአንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነውና አልፈዋለሁ። መልሴን ላስቀድም፦ አይሆንብሽም። ኪኒንሽን እንደታዘዘልሽ ቀጥዪ፤ ሐኪምሽ ዘንድ ሄደሽም አቋርጠሽ እንደነበር ሳትደብቂ ንገሪው።

ይህ «አብሮ አይሄድም» የሚባል ነገር ስንቱን እንደጎዳ አይቻለሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት በተስፋፋበት ዘመን እንጦጦ ማርያም ይጠመቁ ከነበሩት ብዙዎቹ ኪኒናቸውን እርግፍ አድርገው ትተው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በአደባባይ ተናገሩ። ዛሬም ግን «አብሮ አይሄድም» እያለ የሚደግም አጥማቂ አይጠፋም። ካህን የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አለው፤ የሐኪም ማዘዣ የመሰረዝ ሥልጣን ግን ማንም አልሰጠውም። ይህን ስል ቅር የሚለው ወንድም ካለ ቅር ይበለው።

አሁን ወደ ሰባቱ ቀን። የምትወስጂው መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ አይደለም፤ በደም ውስጥ ካለው ግማሹ እስኪጎድል ብቻ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ሱባዔሽን ስትፈጽሚ ግማሹ ገና በደምሽ ነበር ማለት ነው። ሰው በዚያ ሳምንት ደኅና ይሰነብታል፣ «ድኛለሁ» ብሎ ይመሰክራል፣ ከወር በኋላ ድካሙና ብርዱ ሲመለስበት ደግሞ «እምነቴ ጎድሎ ነው» እያለ ራሱን ይከስሳል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ሁለተኛው ነው። በሽታው ሳያንስ ያላጠፋው ጥፋት ይጨመርበታል።

እግዚአብሔር ሊፈውስሽ አይችልም እያልሁ አይደለም። ፈውስ ግን ምርመራን አይፈራም። ጌታችን ለምጻሙን ካነጻው በኋላ «ሂድ፣ ራስህን ለካህን አሳይ» አለው (ማቴ. 8፥4)፤ በሕጉ መሠረት መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና። የአንቺን የሚያረጋግጠው የደም ምርመራው ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታይሮይድ መቆጣት በአንዳንድ እናቶች ላይ በዓመት ከምናምን ጊዜ ውስጥ ራሱ ይስተካከላል፤ ሐሺሞቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ልዩነቱን የሚለየው ሐኪም ነው፤ መድኃኒቱም የሚቀነሰው ሆነ የሚቆመው በእርሱ ትእዛዝ ነው።

ሕዝቅያስን ደግሞ አስቢው። አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ሰማው፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። የፈውሱ ቃል ከወጣ በኋላ ግን ያው ነቢይ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲለጥፉለት አዘዘ (ኢሳ. 38)። ንጉሡ «እግዚአብሔር ካዳነኝ በለሱ ለምን?» አላለም። ሲራክም እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል (ሲራ. 38፥4)።

ዓይነ ጥላ ነው ስለተባለው፦ ቤተ ክርስቲያን የክፉ መንፈስን ውጊያ አትክድም። ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ የሰውነት መከላከያ ፅንሱን እንዳይጎዳ ጋብ ይላል፤ ከወሊድ በኋላ እንደገና ሲነሣ በአንዳንዷ እናት ላይ አንገት ሥር ያለውን ዕጢ፣ ታይሮይድን፣ እንደ ጠላት ይወጋል። ድካሙም፣ የፊት ማበጡም፣ ሆድ መባባቱም ከዚያ ይመጣል። ከማበጠሪያዋ ላይ ፀጉሯን በጭብጥ እያነሣች የምታለቅስ አራስ «መንፈስ አለብሽ» ሲሏት ሌላ ሸክም ነው የሚጭኑባት። እናትሽ ወድዳሽ ነው፤ አትቀየሚያት። መርዳት ከፈለገች ግን ሕፃኑን ትያዝልሽና አንቺ ተኚ። ባልሽም «ሰነፈች» ብሎ ከሆነ ይህን ያንብብ።

ስለ ጡት አትስጊ፤ መድኃኒቱ በሐኪም በታዘዘው መጠን ለምታጠባ እናት የሚፈቀድ ነው። በባዶ ሆድ በውኃ ዋጪው፤ ከወሊድ በኋላ የታዘዘልሽ የብረት ኪኒን ካለ አራት ሰዓት አራርቂው፤ አብረው ከተወሰዱ ብረቱ መድኃኒቱን ይይዝብሻል። በምትቈርቢበት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ልትወስጂው ትችዪ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ በደም ውስጥ የሚቆይ ስለሆነ የጥቂት ሰዓት መዘግየት ይህን ያህል አያስጨንቅም፣ ሆድሽም እስከዚያ ባዶ ነው። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባትሽ የምርመራ ወረቀትሽን ይዘሽ አማክሪ፤ ለምታጠባና ለታመመች እናት የሚሰጠውን ፈቃድ እንደ ውርደት አትቍጠሪው።

ጠበሉንም አትተዪ። ብርድ የማይችል ገላ ይዘሽ ግን ጎህ ሳይቀድ በእንጦጦ ቍር አትጠመቂ፤ ሰውነትሽ እስኪበረታ ጠጪው፣ ተቀቢው፣ ለሕፃኑም እርጪለት።