አባትዎ የሰጡዎት ውክልና ኑዛዜን ሊተካ የማይችልበት ምክንያት

ውድ እህታችን፣ የ79 ዓመት አባትዎ ሙሉ ውክልና እንደሰጡዎት፣ እናታችሁ ካረፉ በኋላ ያገቧቸው ባለቤታቸው በቤቱ ዕድሜ ልካቸውን እንዲኖሩ እንደሚፈልጉ፣ ሁለቱ ወንድሞችዎ በውጭ አገር እንደሚገኙ፣ ኑዛዜ ሲነሣባቸው ግን «ውክልናው በእጅሽ አይደል ወይ፣ ሟርት አታምጪብኝ» እንደሚሉ ጽፈው፣ ውክልናው ብቻውን ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። በውርስ ጉዳዮች ላይ ለዓመታት በጥብቅና ስሠራ ካየሁት በመነሣት የምሰጥዎት መልስ አይበቃም የሚል ነው።

ውክልናው የሚሠራው አባትዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2232 እንደሚደነግገው፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። ተወካዩ ከዚያ በኋላ የሚቆየው ሥራው ድንገት ቢቋረጥ የሟቹ ጥቅም የሚጎዳ ሲሆን፣ እሱም ወራሾች ጉዳዩን እስኪረከቡ ድረስ ነው። ይህ ግን ቤት ለመሸጥ ወይም ገንዘብ ለማውጣት እንደ ፈቃድ የሚቆጠር አይደለም። በአንድ የያዝኩት ጉዳይ ልጁ የመሸጥ ሥልጣን ያለው ውክልና ስለነበረው የአባቱ አርባ ሳይወጣ ቤቱን ሸጠ፤ ገዢውም ውክልናውን አይቶ በቅን ልቦና ከፈለ። እህቶቹ የሞት የምስክር ወረቀቱን ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛው ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው የሽያጩ ቀን ከሞቱ ቀን በኋላ መሆኑን ሲያዩ ክርክሩ እዚያው አለቀ፤ ልጁም ሆነ ገዢው በብዙ ተጎዱ። ልጁ በክፋት ያደረገው አልነበረም፤ አባቱ «ሁሉን ለአንተ ሰጥቻለሁ» ያሉትን በቅንነት አምኖ ነበር።

እርስዎን ይበልጥ ሊያሳስብዎት የሚገባው የእንጀራ እናትዎ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ሚስት ከሁሉ አስቀድማ የምትወርስ ይመስለዋል፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ኑዛዜ ከሌለ በቁጥር 842 መሠረት የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ሲሆኑ ሁሉም እኩል ይካፈላሉ፤ ልጅ ከሌለ ወላጆች፣ ከእነርሱም በኋላ ሌሎች ዘመዶች ይከተላሉ። ባል ወይም ሚስት በዚህ ተራ ውስጥ ጨርሶ የሉበትም። የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው ከጋራ ንብረት የራሱን ግማሽ ድርሻ ነው፤ ይህም ቀድሞውኑ የእርሱ የሆነ ነገር እንጂ ውርስ አይደለም። እንደጻፉት ቤቱ ከሁለተኛው ጋብቻ በፊት የተሠራ ከሆነ የአባትዎ የግል ንብረት ነው፤ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሚሆነው በትዳሩ ዘመን ከቤቱ የተገኘው ኪራይ ነው። ስለዚህ አባትዎ ሳይናዘዙ ቢያርፉ፣ እኚህ ሲያስታምሟቸው የኖሩ ሴት በዚያ ቤት ለመቆየት የሚኖራቸው ተስፋ የእናንተ የሦስታችሁ በጎ ፈቃድ ብቻ ይሆናል። እናንተ ዛሬ ደግ ብትሆኑም ነገ የአንዳችሁ ችግር ወይም የአንዳችሁ ባለትዳር ሐሳቡን ሊለውጠው ይችላል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። በኑዛዜ ግን አባትዎ የቤቱን ባለቤትነት ለልጆቻቸው፣ የመኖር ወይም የአላባ (ባለቤት ሳይሆኑ በቤቱ የመገልገልና ኪራዩን የመውሰድ) መብቱን ደግሞ ለባለቤታቸው ዕድሜ ልክ መስጠት ይችላሉ። በእኔ እምነት የአባትዎን ሐሳብ በትክክል የሚፈጽመው ይህ ነው።

«ሲታመሙ በቃል ይነግሩናል» የሚል ሐሳብ ካለ ይተውት። በሕጉ የቃል ኑዛዜ የሚጸናው ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት ለመሰየም እና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው። በአልጋ ላይ ሆነው «ቤቱ ለእርሷ ይሁን» ያሉ አባት ቃል በቤተሰቡ ዘንድ የከበረ ቢሆንም በፍርድ ቤት ቤት አያሻግርም።

የጽሑፍ ኑዛዜም ቢሆን በፎርም ጉድለት ይወድቃል፤ በሙያዬ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝም ይህ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ ይህም መፈጸሙና የተጻፈበት ቀን በኑዛዜው ውስጥ መገለጽ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ መፈረም አለባቸው (ቁጥር 881)። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለመቀበል ሥልጣን ያለው ሹም ሲሆን ሁለት ምስክር ይበቃል። በአንድ መዝገብ ላይ የቀረበው ኑዛዜ በጥሩ እጅ የተጻፈና አራቱም የአካባቢው ሽማግሌዎች የፈረሙበት ሲሆን፣ «ተናዛዡና ምስክሮቹ ባሉበት ተነበበ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አልነበረበትም። ሽማግሌዎቹ እየማሉ መነበቡን መሰከሩ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ጽሑፉ ራሱ መናገር ነበረበት ብሎ ኑዛዜውን ሻረው። አባትዎ በራሳቸው እጅ ብቻ ልጻፍ ቢሉም ይቻላል፤ ያኔ ሙሉው ጽሑፍ የእጃቸው መሆን፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መጠቀስ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም ቀንና ፊርማ መኖር አለበት። ይህ ዓይነቱ በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል ለመቀበል ሥልጣን ባለው ሹም ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

እንግዲህ አባትዎ በአዲስ አበባ ስለሚኖሩ፣ ጤናቸውና አእምሯቸው ደህና ሳለ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ቀርበው ቢናዘዙ እመርጣለሁ፤ ኋላ የፎርም ክርክር እንዳይነሣ የሚያግዝ ሲሆን ሰነዱም በመዝገብ ይገኛል። ምስክሮቹ ከውርሱ ምንም የማያገኙና በዕድሜ ከአባትዎ የሚያንሱ ይሁኑ። ሦስታችሁም በስም ብትጠቀሱ ጥሩ ነው፤ ልጅን ከውርስ መንቀል በግልጽ ቃልና ምክንያቱ ተገልጾ ካልሆነ ስለማይጸና ዝም ተብሎ የታለፈ ልጅ ሁልጊዜ ክርክር ያስነሣል።

ስለ ሟርቱ፣ አባትዎን ስለ ሞታቸው ወይም ስለ ንብረቱ አይጠይቋቸው። «እማማን ማንም ከዚህ ቤት እንዳያስወጣቸው በምን እናጽናላቸው?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ቢቻል የንስሐ አባታቸው ወይም የሚያከብሩት ጓደኛቸው ባሉበት ይሁን። ለራሳቸው ሞት መዘጋጀት የከበዳቸው አባቶች ለሚስታቸው ጥበቃ ሲባል ብዕር ሲያነሡ አይቻለሁ።

በእጅዎ ያለውንም ውክልና አውጥተው ያንብቡት። «ሙሉ» ቢባልም ቤት መሸጥ፣ በዋስትና ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግና ክስ መመሥረት በልዩ ሁኔታ ካልተጻፉ አይፈቀዱም (ቁጥር 2205)። አባትዎ የማሰብ ችሎታቸው ቢደክም ውክልናው እንዲቀጥል የሚፈልጉ ከሆነም አሁኑኑ በግልጽ ያስጽፉት። የሚቀበሉትን ኪራይና የሚያወጡትን ወጪ በየወሩ በጽሑፍ ለሁለቱ ወንድሞችዎ ይላኩላቸው። እነርሱም ወደፊት በውርሱ ጉዳይ የሚወክሉት ሰው ቢያስፈልጋቸው በሚኖሩበት አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የሚፈርሙት አዲስ ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እዚህ ይመዘገባል፤ የአባታችሁ ውክልና ለዚያ ጊዜ አያገለግልም።