መርከቧ ለምን ዝም ብላ ሄደች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአርተር ሲ ክላርክን የሳይንስ ልብ ወለድ «ራንዴቩ ዊዝ ራማ» እንቅልፌን አጥቼ ነው የጨረስኩት። መጨረሻ ላይ ግን ራማ የምትባለው የጠፈር መርከብ ዝም ብላ ሄደች። ማን ሠራት? ለምን መጣች? መልስ የለም። ደራሲው መጨረሻው ጠፍቶበት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ቢሆንም አልስማማም።

ታቦር ተራራ ላይ ወጥተህ ሐይቁን አይተኸዋል አይደል? ያ ውሃ ከግራና ከቀኝ ሽቅብ ታጥፎ አናትህ ላይ ሲገጥም አስበው። ራማ ውስጥ ያለው ባሕር እንደዚያ ነው። መርከቧ 50 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 20 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ሲሊንደር ናት፤ በ4 ደቂቃ አንዴ ትሽከረከራለች። በሽክርክሪቱ የተነሳ የውስጧ ግድግዳ ወለል ይሆናል። እዚያ የቆመ ሰው ምድር ላይ ካለው ክብደት ከግማሽ በላይ ይሰማዋል። ወደ ፀሐይ ስትጠጋ የባሕሩ በረዶ ከሥር ይቀልጣል፣ አየሩ ይሞቃል፣ ማዕበል ይነሳል። ክላርክ ይህን ሁሉ የፊዚክስ ሕግ ሳይጥስ ነው የጻፈው። መርከቧ ግን ከፀሐይ ኃይል ቀድታ መንገዷን ትቀጥላለች። ለኛ ብላ አልመጣችማ! የመጽሐፉ ሐሳብ ይኸው ነው።

መጽሐፉ የወጣው በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። ከ1989 ጀምሮ ከጄንትሪ ሊ ጋር የወጡት ተከታዮቹ ያንተን ጥያቄ ለመመለስ ሞክረዋል። መልሱ በበዛ ቁጥር ራማ አነሰችብኝ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የኒል ስቲቨንሰን «ሰቨንኢቭስ» (2015) ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጨረቃን ያፈነዳታል። ለምን እንደፈነዳች አይነግረንም፤ ይሁን፣ እሱ አይከነክነኝም። የጨረቃዋ ስብርባሪ ምድርን ስለሚያጠፋ ጥቂት ሰዎች ወደ ጠፈር ይሸሻሉ። ግን ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ እዚያ መውለድ የሚችሉ 7 ሴቶች ብቻ ይቀራሉ። እያንዳንዷ የዘሮቿን ጠባይ በዘረ መል (ጂን) ለመለወጥ ትመርጣለች። አንዷ ብልህነት፣ አንዷ ሥርዓት አክባሪነት፣ አንዷ ገርነት ቢሉ እነዚያ ልጆች አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ እንዴት አደጉ? እናቶቹ ቂማቸውን ይዘው እንዴት አብረው አሳደጉ? ገጹን ስትገልጥ «ከ5000 ዓመት በኋላ» ይልሃል። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ስለ ማሽኖቹ ገለጻ ይበዛበታል። እዚህ አዳማ ያሉ ጓደኞቼ የመጨረሻውን ክፍል ይወዱታል፤ በዚህ ነገር ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ እንጨቃጨቃለን። ለኔ ግን ምሥጢርን መተው ሌላ፣ ራስ የጀመሩትን ሐሳብ ዘሎ ማለፍ ሌላ ነው።

ይህን መጽሐፍ ካገኘኸው ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ ክደነው። የመጀመሪያዎቹን ልጆች ታሪክ አንተ ጻፈውና ላክልኝ። ከልቤ ነው የምልህ፣ አነበዋለሁ።