መጽሐፉ ሲሳሳት ለማን አቤት ይባላል?

ከጎጃም ወላጆችና መምህራን የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። የመማሪያ መጽሐፍ ረቂቅ ሲገመገም ተቀምጬ አውቃለሁ፤ የማውቀውን ያህል እነግራችኋለሁ።

እናት፣ ብቸና፦ የልጄ መጽሐፍ ላይ ስህተት አገኘሁ። ለማተሚያ ቤቱ ልጻፍ?

ይተዉት እናቴ። አታሚ የተሰጠውን ነው የሚያትመው። መጀመሪያ ባለቤቱን ይለዩ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ጉዳይ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር። ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ያንብቡ፤ የባለቤቱ ስም እዚያ አለ።

መምህር፣ ሞጣ፦ አስተያየት ጽፈን ልከን ነበር፤ ውሃ በላው። ለምን?

ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? «መጽሐፉ ጥራት ይጎድለዋል» ከሆነ ማንም ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ክፍሉን፣ ገጹን፣ መስመሩን ጻፉ። ስህተቱን እንዳለ ገልብጡት። ከሥሩ የእናንተን እርማት አስፍሩ፤ ማስረጃውንም ጨምሩ።

አዘጋጆች አስተያየት ሲደርሳቸው በልባቸው በሦስት ይከፍሉታል። የሒሳብ መልስ ወይም ዓመተ ምሕረት ከተሳሳተ ቶሎ ያርማሉ፤ ያሳፍራላ! አሻሚ ዓረፍተ ነገር ከሆነ ይለሳለሳሉ። «ይህ ርዕስ ለምን ገባ?» ካላችሁ ግን መልሱ አንድ ነው፦ «ከመርሃ ትምህርቱ ጋር ይጣጣማል»። እንዲህ ከተባላችሁ መጽሐፉን ትታችሁ መርሃ ትምህርቱን ያወጣውን ክፍል ጠይቁ።

አንድ የማተሚያ ቤት ምስጢር ልጨምር። መጽሐፍ ገጽ በገጽ አይታተምም። በአንድ ትልቅ ሉክ ብዙ ገጽ፣ ብዙውን ጊዜ 16፣ አብሮ ታትሞ ይታጠፋል። እርማታችሁ አንድ አንቀጽ ከጨመረ ተከታዩ ገጽ ሁሉ ይገፋል። በዚያው መስመር ልክ የሚገባ እርማት ስትጽፉ «አይሆንም» ማለት ይከብዳቸዋል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ሲሞከሩ ነበር መጮህ። ከታተመ በኋላ ቢበዛ የእርማት ወረቀት ነው የምታገኙት።

መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ፦ በሌላ አገር አሳታሚዎች ለሕዝብ አስተያየት ይገደዳሉ?

በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ረቂቁ ለሕዝብ ይቀርባል። የፈለገ ሰው ቀርቦ ይናገራል፤ አሳታሚውም ምላሽ ይሰጣል። የመረጃ ስህተት ሳያርም ከቀረ በገንዘብ ሊቀጣ ይችላል።

ግን ያም ወንፊት ቀዳዳ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ማግሮው ሂል ያሳተመው የጂኦግራፊ መጽሐፍ በባርነት የተጋዙትን አፍሪካውያን «ሠራተኞች» ብሎ ጽፎ ተገኘ። ያገኘው በሕዝብ ፊት የተቀመጠው ገምጋሚ አልነበረም። አንድ ተማሪ ገጹን ፎቶ አንስቶ ለእናቱ ላከ፤ እናቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ለቀቁት። ድርጅቱ በቀናት ውስጥ ጥፋቱን አመነ። የኢንተርኔቱን ቅጂ ለማረም ቃል ገባ፤ ለታተመው ደግሞ የሚለጠፍ ማረሚያ ወይም አዲስ መጽሐፍ አቀረበ።

ስህተቱ የነበረው ካርታ አጠገብ ባለች አጭር መግለጫ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ማን ያነባል? እኔ ስገመግም አሁን ከሥዕል መግለጫና ከመልስ መስጫ ነው የምጀምረው።

ተማሪ፣ ቡሬ፦ በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ትክክለኛው ነው?

«ረቂቅ» የሚል ካለበት አይደለም። ከመምህርህ ቅጂ ጋር አስተያየው።

አባት፣ ፍኖተ ሰላም፦ እኔ ገበሬ ነኝ። ስለ መጽሐፍ ምን አውቄ ልናገር?

ጋሼ፣ እኛ ቢሮ ተቀምጠን የምናልፈውን እርስዎ ነዎት የሚይዙት። ልጅዎ የእርሻውን ምዕራፍ ጮክ ብሎ ያንብብልዎት። ጤፍ በመስከረም ይዘራል የሚል ቢያጋጥምዎ፣ ወይም ሞፈርና ቀንበሩ ያለ ቦታው ቢሣል፣ ያስቁሙት። ገጹን ይጻፍ፤ መምህሩ በደብዳቤ ያሳልፈው። የእርስዎም ስምና ቀበሌ ይኑርበት፤ «ማን አለ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።