መልስ፦ ሆዴን የሚያውከው ጨጓራ ነው ወይስ ጭንቀት?

እህቴ፣ የሥራ ጫና ሲበዛ ሆድሽ እንደሚነፋና እንቅልፍ እንደሚያሳጣሽ ጽፈሽ «ጨጓራ ነው ወይስ ጭንቀት?» ብለሻል። ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱን ይዘሽ ሌላውን እንዳትተዪው አደራ።

አንጎልንና አንጀትን ቬገስ የሚባል ረጅም ነርቭ ያገናኛቸዋል፤ አብዛኛው መልእክት የሚሄደውም ከሆድ ወደ አንጎል ነው። ጭንቀት የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዛባል፣ የታመመ አንጀት ደግሞ ስሜትን ይረብሻል። ስሜትንና የአንጀትን እንቅስቃሴ ከሚቆጣጠሩት ኬሚካሎች አንዱ ከሆነው ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ያ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አይሻገርም፤ ስለዚህ «ሆድሽን አጽጂ፣ ድባቴው ይለቅሻል» የሚልሽን ሰው በፍጹም አትመኚ።

የቦካው እንጀራ ለአንጀት የሚጠቅሙ ሕያዋን ተሕዋስያን ይሰጥ እንደሆነም ጠይቀሻል። የእርሾው ተሕዋስያን ምጣዱ ላይ ስለሚሞቱ በሕይወት ያሉትን የምታገኚው ከእርጎ ነው፤ እሱም ከፈላ ወተት የተዘጋጀ ይሁን። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ግን ለአንጀት ባክቴሪያዎች ጥሩ ምግብ ናቸው። በባዶ ሆድ ቡና መጠጣቱን ተዪው። የባሕር ዳር ሙቀት በረድ ሲል በጣና ዳር ፈጠን ብሎ መራመድ ለሆድም ለመንፈስም ይበጃል፤ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምመክርሽ ይህን ነው።

መድኃኒት ከመግዛትሽ በፊት ለጃርዲያና ለጨጓራ ባክቴሪያ ተመርመሪ። ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ ወይም ያለምክንያት ከከሳሽ አትዘግዪ። ኀዘኑና ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ዕለቱን ሂጂ፤ ብቻሽን አትሁኚ፣ የምታምኚው ሰው ይሸኝሽ።